በጠርዙ ውስጥ የቀረው ቁጥር

በፋብሪካው ውስጥ ሰው በስሙ የሚጠራው ሲታመምና ሲሞት ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር። በሌላው ቀን ሁሉም ቁጥር ነው። ሰፊዎቹ ጠዋት ሲገቡ እያንዳንዳቸው አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይቀበላሉ፤ በሣጥኑ ውስጥ የጣት ጥፍር የሚያካክሉ፣ የሰፊዋ ቁጥር የታተመባቸው ሃምሳ ነጫጭ የጨርቅ ቁራጮች አሉ። አንድ የወታደር ልብስ ባለቀ ቁጥር ከቁራጮቹ አንዱ በጠርዙ እጥፋት ውስጥ ይገባና አብሮ ይሰፋል። ስፌቱ ጠምሞ ከተገኘ ልብሱ ተመልሶ በሰፋችው ሴት ፊት ይወረወራል። የኔ እጅ አይደለም ብሎ ክርክር የለም፤ ጠርዙ ይተረተርና ቁጥሩ ይመሰክራል።

አርባ ሰባት ቁጥር ይህን ሥራ የጀመረችው ልጇ አራት ዓመቱ ሳለ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታዋለች። እጇ ከእሷ ቀድሞ ያውቀዋል። ቀኝ እጇ ጨርቁን ሲያዞር ግራ እጇ ማንም ሳያዘው ከሣጥኑ ቁጥሩን ያነሣል፤ ልቧ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል ወዲህ ልቧ የሚሄድበት ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ያ አንድ ልጇ ያለበት ጦር ሜዳ።

ልጁ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነው። ምሽግ ውስጥ አይደለም፤ ከግንባሩ ኋላ ካለ ወንዝ ውሃ እየቀዳ ለጦሩ ያመላልሳል። «ኋላ ነው» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። ለጎረቤት ኋላ ነው፣ ምራቷ ስታለቅስባት ኋላ ነው፣ ብቻዋን ስትሆንም ለራሷ ኋላ ነው። የሁለት ዓመት ግዳጁ ካለቀ ሰባት ወር አልፎታል። ይመለሳል የተባለበት ቀን መጣና ሄደ። ከዚያ በፊት ለአሥር ቀን ፈቃድ መጥቶ ነበር፤ ከዚያ ፈቃድ የተረፈው ነገር አሁን በምራቷ ሆድ ውስጥ ስምንት ወሩን ይዟል።

ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ድምፁ እየተቆራረጠ፣ አለቃቸው አሰልፎ የነገራቸውን ነገራት። ቤተሰቡ ጦርነቱ ይብቃ ከሚሉት ሰልፈኞች ጋር የታየ ወታደር፣ ሾፌርም ይሁን ወጥ ቤት፣ በማግስቱ ወደ ፊተኛው ምሽግ ይዛወራል።

«እማ፣ ባክሽ አፍሽን ያዢልኝ» አላት። «አንቺ ዝም ካልሽ እኔ ውሃዬን እያመላለስኩ እኖራለሁ።»

ዛቻው የወሬ ዛቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። መንገድ ማዶ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ በመጀመሪያው ሰልፍ የልጇን ፎቶግራፍ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማ ነበር። ልጁ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር የሚሠራው። በሳምንቱ አዛወሩት፤ በወሩ ስሙ በጦር ካምፑ አጥር ላይ ከሚለጠፈው የሟቾች ዝርዝር ውስጥ ተገኘ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከዚያ ወዲህ ዳቦ ስትሸጥ የሰው ፊት አታይም። አርባ ሰባትም ከእሷ ዳቦ መግዛት ተወች። ሐዘን እንደ ጉንፋን ይተላለፍ ይመስል ራቅ ካለው ሱቅ ትገዛ ነበር።

እና አፏን ያዘች። የወታደር ቤተሰቦች በየቤቱ ሲሰበሰቡ አትሄድም። የሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ማሽን ጠጋኙ ነው፤ እጁ ከዘይት ስለማይጠራ ዘይቱ ይሉታል። በየስብሰባው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሳይል አይቀመጥም። ከኦቨርሎክ፣ ከጠርዝ ማሰሪያው ክፍል፣ አንዷ፣ አንበሳውን ተወውና መጀመሪያ የኔን ማሽን እሰርልኝ፣ ስትለው አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። በዚያ ሰሞን ባደረጉት ስብሰባ ግን የሳቀ የለም። ማክሰኞ በአራት ሰዓት የወታደር ቤተሰቦች ከጦር ካምፑ በር ፊት ሊቆሙ ነው፤ ማኅበሩ በዚያው ሰዓት ማሽኖቹን ለአንድ ሰዓት ያቁም ወይስ አያቁም የሚል ነበር ጉዳዩ። የምንሰፋው ልብስ የሚለብሱትን ልጆች የወለድነውም እኛው ነን አለ ዘይቱ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። ይቁም ያላችሁ እጅ አውጡ ሲባል የአርባ ሰባት እጅ ወጣ፤ ግን ጆሮዋ ዘንድ ሲደርስ ሻሿን እንደሚያስተካክል ሰው ሆኖ ቀረ።

ሰልፉ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ማተሚያ ቤቶች ያለ ፈቃድ አንዲት ፊደል እንዳያትሙ ታዘዋል፤ ቀለም ሻጮችም የገዢውን ስም ይመዘግባሉ። የቀረው መንገድ ፊደሎቹን ከጨርቅ ቆርጦ በጨርቅ ላይ መስፋት ነው። በፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ማዕረግና ምልክት የምትሰፋ፣ ጥምዝ ነገር ላይ መርፌዋ የማይንሸራተት አንድ ሰው ብቻ ነች፤ አርባ ሰባት።

ልታግባባት የመጣችው የአንድ ሃምሳ አለቃ ሚስት ነበረች። ቁልፍ ማስገቢያ ክፍል ነው የምትሠራው። ባሏ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ ግንባር ነው። ማዕረጉ የባሏ፣ ትዕዛዙ የእሷ ስለሆነ ሴቶቹ ሃምሳ አለቃዋ ይሏታል። ሃምሳ አለቃዋ ገና አፏን ሳትከፍት አርባ ሰባት አይሆንም አለቻት። ልጄን አታስገድሉብኝ አለቻት። ሃምሳ አለቃዋ ተቆጥታ ትሄዳለች ብላ ስትጠብቅ፣ ከማሽኑ ጥግ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ተናገሪ ያለሽ ማን ነው? ዝም እንዳልሽ ስፊው። መስፋት መናገር አይደለም። ጨርቅ ደግሞ የማን ልጅ ነህ ቢሉት አይመልስም።»

ከዚያ ተነሥታ ስትሄድ፣ ሌላ ሰው ከሰፋው ፊደሉ ተወላግዶ ወታደሮቹ ይስቁብናል፣ አለች። ያሸነፋት ሁለተኛው ነገር ይሁን የመጀመሪያው አይታወቅም፣ ብቻ አርባ ሰባት ሰኞ ዕለት በምሳ ሰዓት እሺ አለች።

ሴቶቹ ወደ መመገቢያው ሲሄዱ እሷ ከማሽኗ አልተነሣችም። ዘይቱ ከጎኗ ያለውን ደህና ማሽን ፈታትቶ ወለል ላይ ዘረረውና ብረት በብረት ይቀጠቅጥ ጀመር፤ ዘበኛው አንገቱን ቢያስገባ ጥገና ላይ ናቸው እንዲል። ሦስት ሜትር ግራጫ ገበር ነው ጨርቁ። ፊደሎቹ ቀይ ናቸው፤ ሃምሳ አለቃዋ ከቁርጥራጭ ጆንያ ውስጥ አውጥታ ቆርጣቸዋለች። «ጦርነቱ ይብቃ። ልጆቻችንን መልሱ።» አርባ ሰባት የምትሰፋውን ላለማንበብ ፊደል በፊደል ሄደች። «ል»ን ሰፋች፣ «ጆ»ን ሰፋች። «መ» ላይ ስትደርስ ያ «እማ» ያላት ድምፅ መጣባትና ልቧ እዚያው ቀረ፤ እጇ ብቻውን ጨረሰው። ጠርዙን አጠፈ፣ ዙሪያውን ነዳ፣ ክሩን በጠሰ።

ሃምሳ አለቃዋ ጨርቁን ከቀሚሷ ሥር ወገቧ ላይ ጠመጠመችና የስድስት ወር ነፍሰ ጡር መስላ ለጉዳይ እወጣለሁ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ዘበኛው ሆዷን አየና ባልሽ ግንባር አይደለም እንዴ አላት። በስልክ ነው የጸነስኩት አለችው። ዘበኛው ሆዱን ይዞ ሲስቅ አለፈች። ወሬው በአፍታ ፋብሪካውን አዳረሰው፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አርባ ሰባትም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሴቶቹ ጋር ሳቀች።

ሳቋ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆየ። በአሥራ አንድ ሰዓት ሣጥኖቹ ይመለሳሉ። ሣጥን ተቀባይዋ ልጅ ቆጠረች። አርባ ሰባት በዕለቱ የሰፋችው ሠላሳ ስምንት ልብስ ነው፤ አሥራ ሁለት ቁጥር መቅረት አለበት። የቀረው አሥራ አንድ ነው። ልጅቷ ደግማ ቆጠረችና «እትዬ፣ አንድ ጎድሎሻል» ብላ መዝገቡ ላይ ጻፈች። ወድቆ ይሆናል ብላ አርባ ሰባት ከማሽኗ ሥር ተንበረከከች። ሽርጧን አራገፈች፣ የጫማዋን ሶል አየች።

ከመውጫው በር ደርሳ ነው እጇ ያስታወሳት። ግራ እጇ። ከሣጥኑ ወደ ጨርቁ ሲሄድ፣ ጥፍር የምታክለውን ነገር ከእጥፋቱ ውስጥ ሲያስገባ፣ መርፌው ሲያልፍባት፣ ሁሉም እንደ ሕልም መጣላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ እጅ፣ የልብስ ጠርዝና የሰልፍ ጨርቅ ጠርዝ ምን ለየለት?

አጥሩን ይዛ ቆመች። ጨርቅ አይመልስም ብላታለች ሃምሳ አለቃዋ። ይህኛው ይመልሳል። ያዩት እንደሆነ፣ ጠርዙን ዳሰስ ያደረጉት እንደሆነ፣ የማን ልጅ ነህ ሲሉት ይነግራቸዋል። ቁጥሩን ወደ ፋብሪካው ጽሕፈት ቤት መውሰድ ነው፤ ከቁጥሩ ስሟ፣ ከስሟ ልጇ።

ቤቷ ስትገባ ምራቷ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ አመድ መሰለ አለቻት። ራሴን አሞኝ ነው አለች። እራት ቀረበ፤ አንድ ጉርሻ ወስዳ ትሪውን ገፋ አደረገችው። ምራቷ እጇን ስባ ሆዷ ላይ አስቀመጠችላት፤ ልጁ እየተራገጠ ነበር። ሾፌር ነው ይሄም፣ አለች ምራቷ እየሳቀች፣ ፍሬን መያዝ አያውቅም። አርባ ሰባት እጇን እንደተቃጠለ ሰው መልሳ ወሰደች።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ሃምሳ አለቃዋ ቤት ደረሰች። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቷ ማለዳ ነው የወጣችው አለቻት። ለፋብሪካው ሐኪም ቤት ነኝ ብላ አስነገረችና፣ ክር መቁረጫ መቀሷን በመዳፏ ደብቃ፣ በሕይወቷ ሙሉ ልትሄድበት ወዳልፈለገችው ቦታ ሄደች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እንዲህ ነው።

በጦር ካምፑ መንገድ ላይ ሱቆቹ መዝጊያቸውን እስከ ግማሽ አውርደዋል። ሴቶች ፎቶግራፍ ይዘው ቆመዋል፤ አንዳንዱ ፎቶግራፍ የሠርግ ነው፣ አንዳንዱ የትምህርት ቤት መታወቂያ ነው። የአውቶቡስ ሾፌሮች ማኅበር መጥቷል፤ የጡብ ፋብሪካ ሠራተኞች ከነአቧራቸው መጥተዋል። ማንም አይጮህም። ከሁሉም ፊት ግራጫው ጨርቅ ተዘርግቷል። ፊደሎቹ ቀጥ ብለዋል። እንዲህ ሆኖ ቆሞ ስታየው፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል፣ ደህና ሰፍቼዋለሁ የሚል ሐሳብ እንደ ትንኝ ሽው ብሎባት አለፈ።

በሰው መካከል እየተጋፋች ወደ ፊት ሄደች። ቁጥሩ ያለው በቀኝ በኩል፣ ከታችኛው ጠርዝ ነው። የጨርቁን ቀኝ ጫፍ የያዘች አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ልያዝልዎት እናቴ አለቻት። አሮጊቷ መረቀቻት። ከኋላዋ ሰዎች አዩአት፤ ሃምሳ አለቃዋ አየቻትና ዓይኗ እንባ ሞላ። «መጣሽ?» አለቻት። «እኔ እኮ አውቄ ነበር።»

አርባ ሰባት አልመለሰችላትም። አንገቷን ደፍታ በጣቶቿ ጠርዙን እየዳሰሰች ነበር። ከካምፑ ግንብ ላይ አንድ ወታደር ፎቶ ማንሻ ይዞ ወዲህ ወዲያ ይላል። እሱ ወዲያ ሲዞር መቀሷን ታወጣለች፣ ወዲህ ሲዞር ትደብቃለች። ለሚያያት አንገቷን ደፍታ የምትጸልይ እናት ትመስል ነበር። አገኘችው። ከአውራ ጣቷ ሥር፣ እንደ ምስር ፍሬ ጉብ ያለ ነገር። የመቀሱን ጫፍ ከስፌቱ ሥር ለማስገባት ታገለች። አልገባም። ጠበቅ አድርጎ የሰፋውን እጇን ረገመችው። አንድ ክር በጠሰች፤ ሁለተኛውን ልትይዝ ስትል ጨርቁን ከፍ አድርጉት የሚል ድምፅ መጣና ጠርዙ ከእጇ ሾለከ።

ያኔ ነው የካምፑ በር የተከፈተው። መጀመሪያ የወጣው የውሃ ቦቴ ነበር። እሷ ያየችው ቦቴውን አይደለም፤ ከመስተዋቱ ኋላ የተቀመጠውን ልጅ ነው። ጢሙ ገና ያልጠነከረ፣ መሪውን በሁለት እጁ የጨበጠ። የልጇን መልክ ፈለገችበት። ቦቴው በሰልፈኞቹ ላይ የረጨው ውሃ ደረታቸው ላይ ሲወርድ ፎቶግራፎቹ ከሴቶቹ እጅ እየወደቁ በመንገዱ ላይ ተንሳፈፉ። ከቦቴው ኋላ ዱላ የያዙት መጡ። ሰው ተራወጠ። አሮጊቷ ወደቀች፣ ዘይቱ አነሣት። ፋብሪካው ማሽን ባቆመበት ሰዓት እሱ እዚህ ነበር። አንድ ወታደር ጨርቁን ይዞ ሳበ። አርባ ሰባት አልለቀቀችም፤ ያየ ሁሉ ጀግና አላት። እሷ ግን የያዘችው ጨርቁን ሳይሆን ያቺን ምስር የምታክል ነገር ነበር። ጨርቁ ከጣቶቿ ሥር ሄደ። ቤቷ ስትደርስ በመዳፏ ውስጥ የቀረው መቀሱና አንዲት ቀይ ክር ነው።

ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ፋብሪካው ገባ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላው እንደ ተማሪ ይከተለዋል። ማሽኖቹ አልቆሙም፤ የሚሰፋ ግን አልነበረም፣ ሁሉም ባዶ ጨርቅ ይነዳ ነበር። ሰውየው በቀጥታ ወደ ተቆጣጣሪዋ ጠረጴዛ ሄደ።

ተቆጣጣሪዋ ስድሳ ያለፋት፣ መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ የሚያክል ሴት ነች። በሠላሳ ዓመት አንድ የጠመመ ስፌት አሳልፋ አታውቅም። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ቁጥር ማየት አያስፈልጋትም ይባላል፤ ሰው በእግር ኮቴው እንደሚታወቅ እሷ ሰውን በስፌቱ ታውቃለች። ከማኅበሩ ስብሰባ ቀርታ አታውቅም፣ እጅ አውጥታም አታውቅም። ሴቶቹ ይፈሯታል። ከሁሉም አብልጣ የምትፈራት አርባ ሰባት ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ተርትሪው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ተናግራት አታውቅም።

ሰውየው ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቀዩ ፊደል እስከ አርባ ሰባት ማሽን ድረስ ይታይ ነበር። በትሕትና ነው የጠየቃት። እማማ፣ ዓይንዎ ይለያል ብለውኛል፤ ይህ የማን እጅ ነው አላት።

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን ጠረገች። ከግራ ጀምራ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ገለበጠችው። ከዚያ ጠርዙን በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መካከል ይዛ፣ በየቀኑ እንደምታደርገው፣ እየሳበች መጣች። አርባ ሰባት ጣቶቿን ታያለች። ከላይኛው ጠርዝ አለፉ። በጎን ወረዱ። በታችኛው ጠርዝ፣ ከቀኙ ጫፍ ሊደርሱ ሲሉ፣ ቆሙ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ጣቶቹ ምን ላይ እንደቆሙ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አርባ ሰባት ነፍሷ ከሥጋዋ ስትላቀቅ ተሰማት። ልጇ ቦቴውን አቁሞ ሲወርድ አየችው። ጠመንጃ ሲሰጡት፣ ፊተኛውን ምሽግ በጣታቸው ሲያሳዩት።

«ይህን እኔ ፋብሪካ ውስጥ ሰፉት ነው የምትለኝ?» አለች ተቆጣጣሪዋ። «ልጄ፣ አትስደበኝ።»

ከአንገቷ በክር የተንጠለጠለውን ምላጭ አነሣችና፣ ማንም እስኪያስቆማት ሳትጠብቅ የጠርዙን ጫፍ ትርትር አደረገችው። ይኸው፣ እየው፣ አለችው፤ ስፌቱ እንዴት እንደሚለቅ። ክሩ የሰነፍ ክር ነው፣ እርምጃው የሰካራም እርምጃ ነው። የኔ ልጆች እንዲህ ቢሰፉ በዚያው ቀን ወደ እናታቸው ቤት እሰዳቸው ነበር። ስትናገር የወጣውን ክርና ብናኝ እየለቀመች፣ እንደ ወትሮዋ፣ ወደ ሽርጧ ኪስ ትከት ነበር። ሰውየው ጨርቁን አየ፣ እሷን አየ። ስለ ስፌት የሚያውቀው ኮቱን ያህል ብቻ ነው። ጠቅልሎት ወጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሣጥኖች ሲመለሱ ተቆጣጣሪዋ በአርባ ሰባት ማሽን በኩል አለፈች። ቆመችም አልቆመችም። ነጯ ቁራጭ ጨርቅ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ሰኞ አንድ ጎድሎሽ ነበር ተባለ» አለች፤ ሄደችም።

አርባ ሰባት ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው በእግሯ ይሁን በክንፏ አታውቅም። ቁጥሯን በመሐረቧ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ከትታዋለች። መንገድ ማዶ ካለችው ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ ገዛች፤ እንዴት ዋልሽ እህቴ አለቻት። ዳቦ ጋጋሪዋ ቀና ብላ አየቻት፤ የዳቦውን ዋጋም አልተቀበለቻትም። አርባ ሰባት ነገሩ አልገባትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው።

ምራቷ ከቤቱ ደጃፍ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። በስምንት ወር ሆድ መሬት ላይ አይቀመጥም ልትላት ስትል ወረቀቱን አየችው። ጎረቤቶች ከግድግዳው ጥግ ቆመዋል። ሁለት ወታደሮች አምጥተውት ነው የሄዱት። ወረቀቱ አጭር ነው። ውሃ ሲያመላልስ፣ ከግንባሩ ኋላ ባለው መንገድ ላይ፣ ይላል። ቦቴው በፈንጂ ላይ ወጣ ይላል። ቀኑ ተጽፏል።

አርባ ሰባት አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ቀኑን በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ሰኞ ጨርቁን ሰፋች፤ ከሰኞ ወደ ኋላ ቆጠረች። ዘጠኝ ቀን። ሻሿን እንደሚያስተካክል ሰው እጇን የመለሰች ዕለት እሱ የለም። ከማሽኗ ሥር ተንበርክካ ስትፈልግ የለም። ያቺን አንዲት ክር ስትበጥስ፣ ያን ጠርዝ ሙጥኝ ስትል፣ ተቆጣጣሪዋ ጣት ሲቆም ነፍሷ ስትወጣ፣ የምታድነው ልጅ ከሞተ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። ዝም ብላለት ነበር። ኋላ ነበር።

«ኋላ ነው እኮ ያልኩሽ» አለቻት ምራቷን፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ሰው መጥቶ ተቀመጠ። ዘይቱ እጁን በሳሙና ፈትጎ መጣ፤ ስለ አንበሳ አላነሣም። ሃምሳ አለቃዋ ከበሩ ስትገባ ጉልበቷ ላይ ወድቃ ይቅር በይኝ አለች፤ በሰልፉ ጨርቅ ሰበብ የመጣ መስሏት ነበር። አርባ ሰባት ወረቀቱን አሳየቻትና ቀኑ ላይ ጣቷን አኖረች። ተቆጣጣሪዋም መጣች፤ ጥግ ላይ ትንሽ ተቀምጣ ሄደች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለሰች። ቤተሰቦቹ ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰልፍ እያሰቡ ነው፣ የሚሰፋ ሰው ግን አልጠየቁም፤ በምን ፊት ይጠይቃሉ? ቀይ ፊደሎቹን በዘንቢል ይዛ የመጣችው እሷ ናት። ምራቷ ናት የቆረጠቻቸው፣ አልጋ ላይ ጋደም ብላ፣ ጨርቁን ሆዷ ላይ አስደግፋ።

ፍርሃት ለቀቀኝ ብላ አልተናገረችም፤ አልለቀቃትም። ባለ ግራጫ ኮቱ ቤቷን ያውቃል። ምራቷ አለች። በምራቷ ሆድ ውስጥ ፍሬን የማያውቀው ሾፌር አለ፤ ወንድ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ለወታደርነት ቁመቱን ይለኩታል። በምሳ ሰዓት ከማሽኗ ስትቀመጥ ይህ ሁሉ ትከሻዋ ላይ ነበር። ዘይቱ መዶሻውን ይዞ መጣ፤ አያስፈልግም አለችው። ወደ መመገቢያው የሄደ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ከበው ቆመው ነበር።

ፊደሎቹን ሰፋች። እያነበበች ሰፋቻቸው። ጠርዙን አጠፈች፣ ዙሪያውን ነዳች። ከዚያ ከደረቷ መሐረቧን አወጣችና ቋጠሮውን ፈታች። ቁጥሯን ከእጥፋቱ ውስጥ አላስገባችውም፤ ከፊት፣ ሰው በሚያነብበት በኩል፣ ከመጨረሻው ፊደል አጠገብ አስቀመጠችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሳተ እጅ፣ ያቺን ጥፍር የምታክል ጨርቅ ዙሪያዋን መስፋት አቃተው፤ መርፌው አንዴ ወጣ፣ አንዴ ገባ፣ ስፌቱ እንደ ሰካራም ሄደ።

ሴቶቹ መንገድ ለቀቁ። ተቆጣጣሪዋ በመካከላቸው መጥታ ከማሽኑ ላይ ጎንበስ አለች። መነጽሯን ወደ ጨርቁ አስጠጋች። ቁጥሩን አየች፣ ስፌቱን አየች። ከአንገቷ ምላጩን አወለቀችና ከአርባ ሰባት እጅ አጠገብ አኖረችው።

«እንዲህ ሆኖማ ከዚህ አይወጣም» አለች። «ተርትሪው። ቀጥ አድርገሽ ስፊው።»

አርባ ሰባት ምላጩን አነሣች።